የተፈጥሮ ማዳበሪያ ለፍሬ ጥራት የሚሠራው እንዴት ነው?

«ፍሬው እንዲጣፍጥ ከፈለጋችሁ ፍግ አብዝታችሁ ጨምሩ» የሚል ምክር ሰሞኑን እንደገና አነበብሁ። ፍግና ኮምፖስት አፈርን እንደሚያሻሽሉ መካሪው መናገሩ ትክክል ነው፤ ከዚያ ተነሥቶ ማብዛትን ማዘዙ ግን ብዙ የፍሬ ዛፍ የሚጎዳበት ስሕተት ነው።

ከማዳበሪያ ዋና ዋና ንጥረ ነገሮች አንዱ የሆነውን ናይትሮጅን ሥር በአብዛኛው የሚወስደው ናይትሬትና አሞኒየም በሚባሉ ቀላል ውሕዶች መልክ ስለሆነ፣ ከፍግ መጣ ከፋብሪካ ለዛፉ ልዩነት የለውም። ልዩነቱ ናይትሮጅኑ ለሥሩ የሚደርስበት ጊዜ ነው። የተፈጥሮ ማዳበሪያ ቁልፉ በሌላ እጅ እንዳለ ጎተራ ነው፤ ቁልፍ ያዦቹም የአፈር ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው። አፈሩ ሲሞቅና ሲረጥብ ይከፍታሉ፤ ሲቀዘቅዝ ወይም ሲደርቅ ይዘጋሉ። ካርቦኑ ከናይትሮጅኑ ከ30 እጥፍ በላይ የሆነ ገለባ ወይም ሰጋቱራ ሲገባላቸው ደግሞ፣ ለዛፉ ማካፈላቸው ይቀርና በአፈሩ የነበረውንም ናይትሮጅን ለራሳቸው ቀለብ ያደርጉታል።

መካሪው ያላሰበበት ጎተራው ዘግይቶ የሚከፈትበትን ጊዜ ነው። ፍሬው ሊበስል ሲቃረብ ብዙ ናይትሮጅን ከተለቀቀ ዛፉ ወደ ቀንበጥ ያደላል፤ ቅጠሉ ፍሬውን ስለሚጋርደው ቀለም መያዙ ይዘገያል፣ ሥጋውም ይለሰልሳል፣ በማከማቻም ቶሎ ይበላሻል። የበዛው ማዳበሪያ ይጨምራል የተባለውን ጥራት ራሱ ይቀንሳል ማለት ነው።

በፍግ ውስጥ ላለው ሌላ ንጥረ ነገር፣ ለፖታሺየም፣ የጎተራው ምሳሌ አይሠራም፤ ከኦርጋኒክ ውሕድ ጋር ስላልተሳሰረ ቁልፍ ያዥ ሳይጠብቅ ከፍጉ ወዲያው ይሟሟል። ፍሬ ስኳርና አሲድ እንዲያካብት ፖታሺየም ያስፈልገዋል፤ ሲበዛ ግን የካልሲየምን አወሳሰድ ይሻማል፣ በአፕል ላይም ከቆዳው ሥር ቡናማና መራራ ነጠብጣብ እንዲወጣ ምክንያት ይሆናል። ካልሲየም ወደ ፍሬው የሚሄደው ከሥር በሚወጣው ውሃ ተሸክሞ ስለሆነ፣ ውሃ አጠጣጡ ከተዛባ በአፈሩ ውስጥ መኖሩ ብቻ አይበቃም። ኮምፖስት ለፍሬ ጥራት ዋና ውለታው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ በዓመታት ውስጥ አፈሩ ውሃ የመያዝ ዐቅሙን እያሳደገ እርጥበቱ እንዳይዋዥቅ ያግዛል።

የማዳበሪያውን ውጤት ለማየት ሁለት ዛፎችን በስኳር መለኪያ የሚያወዳድር ሰው አስቀድሞ የተሸከሙትን ፍሬ ብዛት ያመሳስል፤ ጥቂት ፍሬ የያዘ ዛፍ ያለ ምንም ማዳበሪያም የበለጠ ጣፋጭ ፍሬ ሊሰጥ ይችላል። ጥሬ ፍግ ደግሞ በሽታ አምጪ ተሕዋስያንን ስለሚይዝ፣ እንደ እንጆሪ ፍሬው አፈር ለሚነካ ተክል ሳይብላላ ሊሰጥ አይገባም።