ኮኔክቶም ምንድነው?

የዝንብ ጭንቅላት ኮምፒውተር ውስጥ ተጫነ፣ ቀጥሎ የሰው ነው የሚል ፖስት አጋጥሟችሁ ከሆነ ከጀርባው ያለው ነገር ኮኔክቶም ነው። ኮኔክቶም ማለት ባጭሩ አንድ አንጎል ውስጥ፣ ወይ የሆነ ቁራጩ ውስጥ፣ የትኛው ኒውሮን (የነርቭ ሴል) ከየትኛው ጋር እንደተያያዘና ስንት ቦታ ላይ እንደተያያዘ አንድ በአንድ የተመዘገበበት ካርታ ነው፣ የሚያያዙበት ቦታ ሲናፕስ ይባላል። የሰው ይቀጥላል የሚለውን ግን እርሱት፣ የኛ አንጎል ወደ 86 ቢሊዮን ኒውሮን አለው፣ በ2024 የወጣው የሰው አንጎል ካርታ 1 ኪዩቢክ ሚሊሜትር ከምታክል ቁራጭ የተሰራ ሆኖ ዳታው ብቻ 1.4 ፔታባይት (1,400 ቴራባይት) ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች ነው የምጽፈው)።

የመጀመሪያው በ1986 ነው የወጣው፣ ሲ ኤለጋንስ የምትባል 1 ሚሊሜትር የምታህል ትል ናት፣ ኒውሮኖቿ 302 ብቻ። ትንሽ ይመስላል አይደል? ካምብሪጅ የነበረው የሲድኒ ብሬነር ቡድን ግን ከአስር ዓመት በላይ ለፍቶበታል፣ ምክንያቱም እያንዳንዱን የኒውሮን ክር ፎቶ ላይ በአይን እየተከተሉ በእጅ ነበር ምልክት የሚያደርጉት።

አሰራሩ በመሰረቱ ዛሬም ያው ነው። አንጎሉ በኬሚካል ይታከምና ፕላስቲክ መሳይ ነገር ውስጥ ይደርቃል፣ ከዛ በአልማዝ ቢላ ይቆራረጣል፣ የአንዱ ቁራጭ ውፍረት ብዙ ጊዜ 40 ናኖሜትር አካባቢ ነው፣ ማለትም አንድ የጸጉር ዘለላ ውፍረት ላይ ከ1000 በላይ ቁራጭ ይደረደራል። ቁራጩ ሁሉ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ፎቶ ይነሳና ኮምፒውተር ፎቶዎቹን ደራርቦ ይገጣጥማቸዋል። ድሮ በአይን ይሰራ የነበረውን ክር መከተል አሁን ኤአይ ይሰራዋል፣ ግን ይሳሳታል፣ በጣም የቀጠነ ቅርንጫፍ አንዱ ፎቶ ላይ እያለ ቀጣዩ ላይ እድፍ ነገር ካለ ኤአዩ እዛው ይቆርጠዋል፣ ወይ ጎን ለጎን የሚያልፉ ሁለት ኒውሮኖችን እንደ አንድ ይቆጥራል። ስለዚህ ሰው ቁጭ ብሎ ያርማል። በጥቅምት 2024 ኔቸር የሚባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣው ፍላይዋየር የሚባለው የፍራፍሬ ዝንብ ሙሉ አንጎል ካርታ 139,255 ኒውሮንና ከ50 ሚሊዮን በላይ ሲናፕስ አለው፣ እርማቱ ላይ ከሳይንቲስቶቹ ሌላ ጌም ወዳድ በጎ ፈቃደኞችም ገብተውበታል፣ እኔ በጣም የወደድኩት ይሄንን ነው።

እሺ ካርታው አለ፣ ምን ይሰራል? ከዝንቡ ጋር አብሮ የወጣ አንድ ስራ አለ፣ ግንኙነቶቹን እንዳሉ ወስደው እጅግ ቀለል ያለ ሞዴል ሰሩ። እያንዳንዱ ኒውሮን የሚደርሰውን ሲግናል ይደምራል፣ ድምሩ ከሆነ መጠን ሲያልፍ ይተኩሳል፣ ማለትም ለሚቀጥሉት ሲግናል ይልካል፣ በቃ። ከዛ ሞዴሉ ላይ ስኳር የሚቀምሱትን ኒውሮኖች ሲያነቁ ዝንቧ ለመብላት አፏን እንድትዘረጋ የሚያደርገው ኒውሮን ተኮሰ፣ ሞዴሉ የተነበያቸውን ነገሮች ደግሞ በህይወት ያሉ ዝንቦች ላይ ሞክረው ብዙዎቹ ልክ ሆነው ተገኙ። ማንም ስለ ስኳር አላስተማረውም እኮ፣ ሁሉም የመጣው ከግንኙነቱ ነው።

ችግሩ ካርታው የሞተ አንጎል ፎቶ መሆኑ ነው። አንዱ ሲናፕስ ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ በቀጥታ አይነግርም፣ ከሲናፕስ ውጪ ተሰራጭተው ሩቅ ያለ ኒውሮን የሚደርሱ ኬሚካሎች ደግሞ ጭራሽ አይታዩበትም። ያቺው ትል ላይ በ2023 ኒውሮኖቹን አንድ በአንድ እያነቁ ሌሎቹ ምን እንደሚሉ ሲለኩ ሲግናሉ ብዙ ቦታ ካርታው ከሚለው ጋር አልገጠመም፣ አንዱ ምክንያት እነዚሁ ኬሚካሎች ናቸው።

ለዚህ ነው አሁን ካርታውን ከሌላ ነገር ጋር ማጣመር የተጀመረው። በሚያዝያ 2025 በወጣው ማይክሮንስ ፕሮጀክት አይጧን መጀመሪያ ቪዲዮ እያሳዩ ወደ 75,000 የሚሆኑ ኒውሮኖቿ ሲሰሩ ቀረጹ፣ ከዛ ያንኑ የአንጎል ክፍል ቆራርጠው ካርታውን አወጡ፣ ስለዚህ አንድ ኒውሮን ምን ሲያይ እንደሚተኩስም ከማን ጋር እንደተያያዘም አብሮ ይታወቃል። ሌላው መንገድ ካርታው የማይነግረውን ቁጥር፣ ለምሳሌ የሲናፕሱን ጥንካሬ፣ ለማሽን ለርኒንግ መተው ነው። በ2024 የዝንብን የእይታ ክፍል ግንኙነት ወስደው፣ የጎደለውን ቁጥር ሞዴሉ ራሱ እንዲያገኝ እንቅስቃሴ መለየት ብቻ አሰለጠኑት፣ ከኒውሮን የተቀዳ ምንም ዳታ ሳይሰጡት፣ በመጨረሻ ሞዴሉ ውስጥ የእንቅስቃሴን አቅጣጫ የሚለዩ ሆነው የወጡት ቲ4 እና ቲ5 የሚባሉት ሴሎች ናቸው፣ እውነተኛው ዝንብ ላይም ይሄን ስራ የሚሰሩት እነሱ መሆናቸው ከዛ በፊት በሙከራ የታወቀ ነው።