የራስ የማስታረቅ ቢሮ በአዲስ አበባ መሀል

ለአዲስ አበባ ሰው ጠብ ሲነሣ ሽማግሌ መላክ እንግዳ ነገር አይደለም። እንግዳ የሚሆንበት አስታራቂው ቢሮ ከፍቶ፣ ውል አስፈርሞና ደረሰኝ ቆርጦ ክፍያ ሲቀበል ነው። ከእድር ሽማግሌዎች በነጻ የሚገኘውን አገልግሎት በገንዘብ ለመሸጥ የሚነሣ ሰው ዋናው ፈተናውም ይኸው ነው።

ሥራው የሕግ መሠረት አለው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ አስታራቂ የደነገገው ዛሬ በግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አሠራር ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1237/2013 ተተክቷል። የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234/2013 ደግሞ ፍርድ ቤት መር አስማሚነትን፣ ማለትም በፍርድ ቤት ሥር የሚካሄደውን የማስታረቅ ሥራ፣ በሕግ አጽንቷል። ሜክሲኮ የሚገኘው የአዲስ አበባ ንግድና የዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤትም የንግድ ክርክሮችን የሚያይ የግልግል ተቋም አለው። የግልግል ዳኛ ግን ውሳኔ ይሰጣል፤ አስታራቂ ውሳኔ የመስጠት ሥልጣን የለውም። ሁለቱን ደባልቆ የሚያስተዋውቅ ቢሮ ደንበኛውን ያሳስታል።

ወደ ግል አስታራቂ የሚመጡት በብዛት የሽርክና ጠቦች፣ የኪራይና የግንባታ ውል ክርክሮች፣ በውርስ ቤት የተጋጩ ወንድምና እህቶች ናቸው። ባልና ሚስት ንብረታቸውን ለመከፋፈል ሊስማሙ ይችላሉ፤ ፍቺውን የሚወስነው ግን ፍርድ ቤት ብቻ ነው። የወንጀል ጉዳይን በዚህ መንገድ ለመዝጋት የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ እምቢ ማለት ይገባል።

ቢሮው ሁለት ክፍል ያስፈልገዋል። አስታራቂው ባለጉዳዮቹን ለየብቻ ካላነጋገረ የሚገላግለው ጠብ ጥቂት ነው፤ በኮምፔንሳቶ በተከፈለ አንድ ክፍል ውስጥ ደግሞ እውነቱን የሚናገር የለም፣ ጎኑ ያለው ይሰማል። በልደታ ፍርድ ቤት ዙሪያ ያሉት ቢሮዎች ለጠበቆች ቅርብ ናቸው። ኪራይ የሚከብደው ጀማሪ ቀን በቀን የሚከራይ የስብሰባ ክፍል ቢጠቀም ይሻለዋል።

ሙያው የሚፈተነው ግን በስምምነቱ ጽሑፍ ነው። የዕርቅ ውል በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ እንደሚቆጠር አሁንም የሚሠራው የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 3312 ይደነግጋል። ስለዚህ የመርካቶ ሱቃቸውን የሚካፈሉ ሁለት ሸሪኮች «ቀሪውን በቅርቡ ይከፍላል» ብለው ቢፈርሙ፣ ያ «በቅርቡ» የሚቀጥለው ክስ መነሻ ይሆናል። የገንዘቡ መጠን በአኃዝና በፊደል፣ የሚከፈልበት ቀን፣ የሚገባበት የባንክ ሒሳብ፣ ባይከፈል የሚከተለው ነገር፣ የዕቃው ርክክብ ሳይቀር መጻፍ አለባቸው። የየወገኑ ጠበቆች ቢያረቁት ይመረጣል። ምክንያቱም ጠበቃ ያልሆነ አስታራቂ በክፍያ የሕግ ምክር መስጠት ከጀመረ የጥብቅና አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ይይዘዋል።

ክፍያው ሥራው ሳይጀመር በጽሑፍ ተወስኖ ሁለቱ ወገኖች እኩል ቢከፍሉ የገለልተኝነት ጥያቄ ያንሳል። «ስትታረቁ ትከፍሉኛላችሁ» የሚል አሠራር ደንበኛን ይስባል፤ አስታራቂውን ግን ማንኛውንም ዕርቅ፣ መጥፎውንም ጭምር፣ እንዲገፋ ያደርገዋል። እኔ በጭራሽ አልመክረውም። «ሽማግሌ ገንዘብ ይቀበላል ወይ?» ብሎ የሚቆጣ ባለጉዳይ መምጣቱ አይቀርም፤ ለእርሱ የሚሰጠው መልስ የጊዜና የቢሮ ወጪውን በግልጽ የሚያሳይ ውል ነው።

ጡረታ የወጡ ዳኞች ሥራውን የሚጀምሩት ባፈሩት ስም ነው። በግንባታ ክርክር መሐንዲስ፣ በሒሳብ ጭቅጭቅ የሒሳብ ባለሙያ ከሕግ ምሩቁ ሊቀድሙ ይችላሉ። ወጣቱ ግን መተዳደሪያውን ሳይለቅ መጀመር ይኖርበታል። ማንን እንዳስታረቀ ሊያስተዋውቅ አይችልም፤ ምሥጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ደንበኛ የሚያመጡለት ሥራውን ያዩ ጠበቆች ናቸው፤ እነርሱም መጀመሪያ የሚልኩለት አብዛኛውን ጊዜ ራሳቸው የሰለቹትን ጉዳይ ነው።