ኮሚዩኒቲ ስትሪንግ ምንድን ነው?

«ሲስተም የለም።» ጅማ ላይ ይህን ያልተባለ ባለጉዳይ ያለ አይመስለኝም። ሰልፍ ይዛችሁ ቆይታችሁ፣ ተራችሁ ሲደርስ ከመስኮቱ ጀርባ ይህችው ቃል ትወጣለች። እኔ የምሠራው ከመስኮቱ ጀርባ፣ ሰርቨሩ ጋ ነው። ስለዚህ ሲስተሙ መቋረጡን ከባለጉዳዩ በፊት ማወቅ አለብኝ። ዲስኩ ሊሞላ ሲል፣ መስመሩ ሲጨናነቅ፣ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሰርቨሩ ሳይነሳ ሲቀር፣ ቀድሞ የሚነግረኝ ያስፈልገኛል።

ለዚህ ሥራ ያለን የቆየ ቋንቋ ኤስኤንኤምፒ ይባላል። የወጣው በፈረንጆቹ 1988 ነው። ዛሬም ራውተሩ፣ ስዊቹ፣ ፕሪንተሩ፣ ሊኑክስ ሰርቨሩ ሁሉ ይናገረዋል። ሰርቨሩ ላይ ኤጀንት የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ይቀመጣል። ሌላ ማሽን ላይ ያለው ተቆጣጣሪ፣ ዛቢክስም ይሁን ካክቲ፣ በየጥቂት ደቂቃው በዩዲፒ ፖርት 161 በኩል ይጠይቀዋል፤ ዩዲፒ የመልእክት መላኪያ ዘዴ ነው፣ ፖርት ደግሞ መልእክቱ የሚገባበት የበር ቁጥር። ጥያቄው በቁጥር ነው። 1.3.6.1.2.1.1.5.0 ካለው «ስምህ ማን ነው?» ማለቱ ነው። ቁጥሩን እንደ አድራሻ አንብቡት፤ ክልል፣ ዞን፣ ወረዳ፣ ቀበሌ እያለ እስከ ቤት ቁጥር ይወርዳል።

ታዲያ ኤጀንቱ ለማን መመለስ እንዳለበት በምን ያውቃል? ኮሚዩኒቲ ስትሪንግ የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። ከእያንዳንዱ ጥያቄ ጋር አብሮ የሚላክ አንድ ቃል ነው። ቃሉ ኤጀንቱ ከሚያውቀው ጋር ከገጠመ መልስ ይመጣል። ካልገጠመ ኤጀንቱ ዝም ይላል። «ተሳስተሃል» እንኳ አይልም። ብዙ ጀማሪ ችግሩ ሌላ መስሎት ኬብል ሲነቅልና ሲሰካ የሚውለው ለዚህ ነው።

ብዙዎች ይህን ቃል ፓስወርድ ይሉታል። ባይሉት ደስ ይለኛል፤ ምክንያቱን ካየሁት ልንገራችሁ።

አንድ ቀን ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ወዳለ ቢሮ ተጠራሁ። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል። ሰርቨሮቹ ያሉበት ክፍል በጣም ጠባብ ስለሆነ ወንበር አያስገባም። አንዱ ሠራተኛ ባለ ሦስት እግር በርጩማ አመጣልኝ፤ ያው የጅማ በርጩማ፣ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ። ላፕቶፔን ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ ተቆጣጣሪው ያለበት ማሽን ውስጥ ገባሁና ቲሲፒዳምፕን፣ በመስመሩ የሚያልፈውን ንግግር የሚያሳየውን ፕሮግራም፣ ፖርት 161 ላይ ከፈትኩ። ንግግሩ መስመር በመስመር መውረድ ጀመረ። ከስዊቹ ጋር በተደረገው በእያንዳንዱ ጥያቄ ላይ፣ ሲ ከምትለው ፊደል ጎን፣ ቃሉ በጥቅስ ምልክት ውስጥ ቁጭ ብሏል። የቢሮው ስምና ዓመተ ምሕረት ነበር። የነገረኝ ሰው የለም፤ የሰበርኩትም ነገር የለም። ዝም ብዬ አዳመጥኩ እንጂ። በአንደኛውና በሁለተኛው የኤስኤንኤምፒ ቅጂ (ቨርዥን) ቃሉ እንዲህ ሳይመሰጠር ነው የሚጓዘው።

አንደኛው ሰርቨር ጋ ግን ምንም ቃል አይታይም። መጀመሪያ የተደበቀ መስሎኝ ነበር። ነገሩ ሌላ ነው። ቃሉ «ፐብሊክ» ከሆነ ቲሲፒዳምፕ አይጽፈውም። ሁሉም ሰው የሚያውቀው፣ የተለመደው ቃል ስለሆነ ይዘለዋል። ፐብሊክ ማለት ይፋ ማለት ነው። የአደባባይ ምስጢር ማለት ይኼ ነው!

በዚያ ላይ የዚያ ሰርቨር ፖርት 161 ለኢንተርኔት ክፍት ነበር። ይህ ያሳስበኛል። የውጭ ሰው የትኛው ፕሮግራም እንደሚሠራ፣ ምን ምን የኔትወርክ ካርድ እንዳለ ቁጭ ብሎ ያነባል። ሌላም አለ። በዩዲፒ የላኪን አድራሻ አስመስሎ መላክ ይቻላል። አጥቂው በሌላ ሰው አድራሻ ትንሽ ጥያቄ ይልካል፤ የእናንተ ሰርቨር ትልቅ መልስ ለዚያ ምስኪን ያወርድበታል። ሳታውቁት የጥቃት መሣሪያ ሆናችኋል፣ የራሳችሁም መስመር ይጨናነቃል።

እንዲህ የሚሆነው ብዙ ጊዜ በክፋት አይደለም። ኡቡንቱ በሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ላይ ኤጀንቱ ሲጫን 127.0.0.1ን ብቻ ነው የሚሰማው፤ ማለትም ራሱን። ከሌላ ማሽን ሲጠየቅ አይመልስም። ሰው ይሰለችና «ለሁሉም ክፈተው» ይላል። ይልቅ በኮንፊገሬሽን ፋይሉ ውስጥ ኤጀንትአድሬስ የሚለው መስመር ላይ የሰርቨሩን የውስጥ አድራሻ ጻፉ። አርኦኮሚዩኒቲ በሚለው መስመር ላይ ደግሞ ከቃሉ ቀጥሎ የተቆጣጣሪውን አይፒ፣ ማለትም የማሽኑን አድራሻ፣ ጨምሩ። ያኔ ቃሉ ቢሰማ እንኳ ከሌላ አይፒ የመጣ ጥያቄ አይመለስለትም። ፋየርዎሉም ለዚያው አይፒ ብቻ ይከፈት። አርደብልዩኮሚዩኒቲ የሚለውን አትንኩት፤ እሱ ማንበብ ብቻ ሳይሆን መቀየርም ይፈቅዳል። መልስ እየመጣ የትራፊክ ግራፍ ከሌለ አትደንግጡ። ቪው ማለት ኤጀንቱ እንዲያሳይ የተፈቀደለት የቁጥሮች ክፍል ነው፤ መነሻው ላይ ያለው፣ ሲስተምኦንሊ የሚባለው፣ ከስምና ከመሰል መረጃ ሌላ ብዙ አያሳይም። የሚያስፈልጋችሁን የቁጥር ቅርንጫፍ ጨምሩበት።

ከተቻለ ግን ሦስተኛውን ቅጂ ተጠቀሙ። እሱ በኮሚዩኒቲ ስትሪንግ ፋንታ ተጠቃሚ አለው፤ ማንነቱን ማረጋገጥ፣ ይዘቱንም መመስጠር ይችላል። ፓስወርዱ ቢያንስ 8 ፊደል መሆን አለበት። ተጠቃሚውን ስትፈጥሩ መጀመሪያ ኤጀንቱን አቁሙ። መልሳችሁ ስታስነሱት የጻፋችሁት ፓስወርድ ከፋይሉ ይጠፋል፣ ቦታውን የተለወጠ ቁልፍ ይይዛል። ተበላሸ ብላችሁ እንደገና አትጻፉት።

እዚያ ቢሮ ሰርቨሮቹን ወደ ሦስተኛው ቅጂ አዛወርኳቸው። ስዊቹ አሮጌ ስለሆነ ከሁለተኛው በላይ አያውቅም፤ ቃሉን ቀይሬ በአይፒ ገደብኩት። ከዚያ ያችው በርጩማ ላይ ተመልሼ ቲሲፒዳምፕን ከፈትኩ። ከሰርቨሮቹ መስመር ላይ የተጠቃሚው ስም ይታያል። ከስሙ ቀጥሎ ግን የሚነበብ ነገር አልነበረም።