እንጨቱን አትውቀሱት

“የሸጡልኝ እንጨት የማይረባ ነው፤ ወለሌ እንዳለ ተነሣ!” የእንጨት ወለል እያነጠፍኩ ነው የምኖረው፤ ይህን ቅሬታ ሳልሰማ የማልፈው ወር የለም ማለት ይቻላል። ሄጄ ሳየው አብዛኛውን ጊዜ እንጨቱ ምንም አልሆነም። የተበላሸው አነጣጠፉ ነው። አነጣጠፉን ያበላሸው ደግሞ ሁሉም ሰው “እንዲህ ነው የሚሠራው” እያለ የሚቀባበለው ወሬ ነው።

“እንጨቱ ሦስት ቀን ቤት ውስጥ ካደረ ይነጠፋል።”

የሚያቃጥለኝ ይሄኛው ነው። ባለቤቱም ይለዋል፣ አንጣፊውም ይለዋል። እንጨት ግን ቀን አይቆጥርም። አየሩ እርጥብ ሲሆን እርጥበት ይወስዳል፣ ሲደርቅ ይመልሳል። ሲወስድ በወርዱ ያብጣል፣ ሲመልስ ይኮማተራል። በቁመቱ የሚለወጠው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ዛፉ ከተቆረጠ መቶ ዓመት ቢያልፈውም ይህ ጠባዩ አይለቀውም። “ቫርኒሽ ተቀብቷል እኮ!” የሚሉኝም አሉ። ቫርኒሽ ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም።

ስለዚህ መጠየቅ ያለበት “ስንት ቀን ቆየ?” ሳይሆን “ውስጡ ምን ያህል እርጥበት አለ?” ነው። የወለል እንጨት ከፋብሪካ ሲወጣ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 9 በመቶ እርጥበት ይይዛል። ከሥሩ ኮምፔንሳቶ ካለ የእሱም ይለካል። ጣውላው ጠባብ ከሆነ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ4 በመቶ ነጥብ ባይበልጥ ይመረጣል። ወርዱ ከ7 ሳንቲ ተኩል ካለፈ ደግሞ ከ2 ነጥብ። ለዚህ የሚሆን ሁለት መርፌ ያላት ትንሽ መለኪያ አለች፤ እንጨቱ ላይ ወጋ አድርጎ ቁጥሩን ማንበብ ነው። ደቂቃም አይፈጅም። ያቺን መለኪያ ሳይዝ የመጣ ባለሙያ የሚሠራው በግምት ነው፤ ግምቱ ሲስት ኪሳራው የእናንተ ነው።

ደግሞስ የትኛው ቤት ውስጥ ነው የሚያድረው? መስኮቱ ያልተገጠመ፣ ልስኑ ያልደረቀ ቤት ውስጥ ከሆነ እንጨቱ ሦስት ቀን ሙሉ እርጥበት ሲጠጣ ይሰነብታል። አውጥተው ውጪ ቢያስቀምጡት ይሻለው ነበር። ከሥር ያለው የሲሚንቶ ወለል፣ ሊሾውም እንደዚያው። በእጅ ሲዳሰስ ደረቅ ነው፤ ውስጡ ግን ገና ነው። በልምድ እንደሚታወቀው ኮንክሪት ለእያንዳንዱ 2 ሳንቲ ተኩል ውፍረት አንድ ወር ያህል ይፈልጋል። 10 ሳንቲ ከሆነ አራት ወር፣ ያውም ቤቱ ተዘግቶ ዝናብ መግባት ካቆመበት ጊዜ ጀምሮ።

አንድ አባት ለልጃቸው ሠርግ አዲሱን ቤት ለማድረስ ሲጣደፉ ወለሉ ገና እርጥብ በሆነ ሊሾ ላይ ተነጠፈላቸው። ብዙም ሳይቆይ ጠሩኝ። ተንበርክኬ አንዱ ጣውላ ላይ ማስመሪያ አጋደምኩ። ጠርዝና ጠርዙ ላይ ተቀመጠ፤ መሐሉ ላይ ከሥሩ ብርሃን ያሳያል። ጣውላው ከሥር አብጦ ጠርዙ ተነሥቷል ማለት ነው። ዞኮሎውን፣ ግድግዳው ሥር የሚመታውን ጠባብ ጣውላ፣ ነቅዬ ሳይ ጣውላው ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ልስኑን ፍቆታል። “አሁን ምንም አይነካ፤ መጀመሪያ ሥሩ ይድረቅ” አልኳቸው። “ልጄ፣ እንግዳ ሊመጣብኝ ነው” አሉኝና ሌላ ሰው ጠሩ። እሱም የተነሣውን ጠርዝ በማሽን ልጎ ቫርኒሽ ቀባው። ለሠርጉ ቀን እንደ መስታወት አበራ።

ከዚያ ሊሾው ደረቀ። ጣውላው ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ግን ጠርዙ ተልጎ አልቋል። አሁን ደግሞ መሐሉ ጉብ አለ። እንደገና ተላገ፣ በእያንዳንዱ መላግ ውፍረቱ እየሳሳ። ሰውየው እስከ ዛሬ የሚወቅሱት የእንጨቱን ነጋዴ ነው።

“ግድግዳው ጋ ክፍተት መተው የሰነፍ ሥራ ነው።” ክፍተቱ እንጨቱ ሲያብጥ የሚሄድበት ነው። ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ይተው፤ ዞኮሎው ይሸፍነዋል። ዞኮሎው ግን ከግድግዳው ጋር ይመታ፣ ከወለሉ ጋር አይደለም።

“ጠንካራ እንጨት አይጫርም።” ይጫራል። የወንበር እግር ላይ ጨርቅ ለጥፉ።

“በውኃ ካልታጠበ አይጸዳም።” ሴራሚክ አይደለም። በደንብ የተጨመቀ ጨርቅ ይበቃዋል። የእንፋሎት መወልወያ ደግሞ ጭራሽ አታስጠጉት።

“ኢንጂነርድ የሚሉት ውሸት እንጨት ነው።” እዚህ ላይ ሰው የሚያምታታው ከላሚኔት ጋር ነው። የላሚኔት ላይኛው ገጽ የእንጨት ፎቶ ነው፤ የኢንጂነርድ ላይኛው ንብርብር ግን እውነተኛ እንጨት ነው። ከሥሩ ያሉት ንብርብሮች አግድምና ቁልቁል ስለተጣበቁ እንደ ድፍን ጣውላ አያብጥም። ሊሾ ላይ ለሚነጠፍ ወለል እኔ ራሴ ብዙ ጊዜ የምመክረው እሱን ነው። ስትገዙ የላይኛው ንብርብር ስንት ሚሊ እንደሆነ ጠይቁ። 4 ሚሊ ከሆነ ወደፊት ሊላግ ይችላል። ከ2 ሚሊ በታች ከሆነ ግን ሲያረጅ መቀየር ነው።

“አንጣፊው ባለሙያ ነው፣ እሱ ያውቃል።” ይወቅ፤ እናንተም ጠይቁ። ሥራው ሳይጀመር የእንጨቱና የሥሩ እርጥበት ተለክቶ ከነቀኑ በወረቀት ይስፈር። የመለኪያውን ቁጥር በስልክ ፎቶ አንሡት። እንጨቱ የሚነጠፍበት ሥር ላይ የ2 ሜትር ቀጥ ያለ ማስመሪያ አስጋድሙና ከ3 ሚሊ በላይ ከጎደጎደ መጀመሪያ ይስተካከል፤ አለዚያ ስትረግጡት ሲጮህ ይኖራል። የመጨረሻውን ክፍያ ያለቀውን ሥራ እስክታዩ ያዙ። በዚህ የሚቆጣ አንጣፊ ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ።

“በበጋ በጣውላዎቹ መሐል ክፍተት ታየ፣ ወለሉ አበቃለት።” የፀጉር ያህል ቀጭን ክፍተት ደረቅ አየር ሲመጣ ያለ ነው፤ እርጥቡ ወቅት ሲመለስ ራሱ ይዘጋል። በስቱኮ አትሙሉት። እንጨቱ ሲያብጥ ስቱኮውን እየገፋ ያወጣዋል፤ እናንተም በየጠዋቱ ስትጠርጉ ትውላላችሁ።