ፈረስን ለክረምት ልምምድ ወደ ሞቃት አገር መላክ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሰኔ ሲቃረብ በሱሉልታ፣ በሰንዳፋና በሰበታ ፈረስ በሚያሠለጥኑ ሰዎች ዘንድ «ክረምቱን ቢሾፍቱ ወይም አዳማ ይክረም» የሚል ሐሳብ ይነሣል። ሐሳቡ በራሱ ክፉ አይደለም። ምክንያቱ ሲሳሳት ግን ዝግጅቱም ይሳሳታል፤ የሚጎዳውም ፈረሱ ነው።

«ፈረስ የደጋን ብርድ አይችልም።»

ይችላል። ብርድ የለመደ ጤነኛ ፈረስ ድርቆሽ እስከጠገበ ድረስ ውርጭ በወረደበት ሌሊት እንኳ ሙቀቱን ይጠብቃል፤ ድርቆሹ በትልቁ አንጀት ውስጥ ሲብላላ ሰውነቱን ያሞቀዋል። ስለዚህ ብርድ ሲጠና መጨመር ያለበት ገብስ ሳይሆን ድርቆሽ ነው። ፈረስን የሚያሸንፈው ዝናብና ነፋስ ሲተባበሩበት ነው፤ ጠጉሩ ረጥቦ ሲተኛ በመካከሉ የያዘው ሞቃት አየር ያመልጣል። ይህን የማያፈስ ጣራና ነፋስ የሚከልል ግድግዳ ይመልሰዋል። ደግሞስ በአዲስ አበባ ዙሪያ ሌሊቱ እጅግ የሚቀዘቅዘው በኅዳርና በታኅሣሥ አይደለምን? ያን ጊዜ ፈረሶቻችን በደንብ ይሠለጥናሉ፤ ሜዳው ደረቅ ነዋ።

«ባሕር ማዶ ያሉትም ከብርድ ለማሸሽ ነው የሚልኩት።»

የሰሜን አሜሪካ ባለፈረሶች ወደ ፍሎሪዳ የሚወርዱበት ዋና ምክንያት መሬቱ በበረዶ ስለሚደነድን፣ የብርዱ ወራት ውድድርም እዚያ ስለሚካሄድ ነው። የእኛም ጣጣ መሬቱ ነው። በሐምሌ ጭቃ ላይ ሽምጥ ማስጋለብ ጅማት ይጎዳል። ቀን ከሌት በእርጥበት የቆመ ኮቴ ደግሞ ከሥሩ ይበሰብሳል፤ ሲጠርጉት ጥቁር ፈሳሽና ክፉ ሽታ ይወጣዋል። ነገር ግን ቢሾፍቱም በክረምት ይዘንባል፣ ጥቁር አፈርም አለው። ከመላክ በፊት ሜዳውን ዝናብ በጣለ ማግስት ሄዶ መርገጥ ያስፈልጋል። አሸዋ የለበሰ ትንሽ ሜዳ በሰፈር ካለ መላኩም ላያስፈልግ ይችላል።

«ሞቃት አገር ለፈረስ ጤና ይስማማል።»

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ይህ አባባል ነው። የአፍሪካ የፈረስ በሽታ የሚባለውን ቫይረስ የሚያዛምቱት ከወባ ትንኝ በጣም የሚያንሱ ደም መጣጭ ትንኞች ናቸው፤ እነርሱም ሙቀትና እርጥበት ይወዳሉ። በሽታው ካልተከተቡ ፈረሶች መካከል የያዛቸውን አብዛኞቹን ይገድላል። አህያ ግን ብዙ ጊዜ ምልክት እንኳ ሳያሳይ ያልፈዋል፤ ስለዚህ «የሰፈሩ አህዮች ደኅና ናቸው» የሚለው ማስተማመኛ ምንም ዋጋ የለውም።

ምልክቱን ማወቅ ይገባል፤ ፈረሱ ያተኩሰዋል፣ ከዓይኑ በላይ ያለው ጎድጓዳ ሞልቶ ያብጣል፣ ትንፋሹ ይከብዳል፣ በአፍንጫው ነጭ አረፋ ይወጣል። በሽታው ፈዋሽ መድኃኒት የለውም። ክትባት ግን አለ፤ የሚመረተውም እዚያው ቢሾፍቱ ነው። የእንስሳት ሐኪም አማክሮ ከጉዞው ቢያንስ አንድ ወር ቀድሞ ማስከተብ፣ ከክትባቱ በኋላም ከከባድ ልምምድ ማሳረፍ ያስፈልጋል። ትንኞቹ በብዛት የሚነክሱት ከምሽት እስከ ንጋት ስለሆነ ፀሐይ ሳትጠልቅ ፈረሱ ጋጣ ይግባ።

ሌላም አለ። በቢሾፍቱና በሞጆ የጋሪ ፈረሶች ላይ በቆዳ ሥር እየተከታተለ የሚፈርጥ፣ በፈንገስ የሚመጣ የእባጭ በሽታ ይታያል። በቁስል በኩል ስለሚገባ ኮርቻና ልጓም መዋዋስ አይገባም፤ ትንሽ ጭረትም ብትሆን ዝንብ እንዳያርፍባት ትታከም።

«እንደ ደረሰ ልምምድ ይጀምራል።»

ሱሉልታ ከ2,600 ሜትር በላይ፣ አዳማ 1,700 ሜትር አካባቢ ናት። አየሩ ለትንፋሽ ይመቻል፤ ሙቀቱን ለመልመድ ግን ፈረሱ ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈልጋል። እስከዚያ በማለዳ እርምጃና ሶምሶማ ይበቃዋል። የፈረስ ላብ ብዙ ጨው ይዞ ስለሚወጣ አሞሌ ጨው በጋጣው ይቀመጥለት፤ ንጹሕ ውኃም አይለየው።

«መኖ የትም መኖ ነው።»

አይደለም። ድንገት የተለወጠ መኖ የሚገድል ቁርጠት ያመጣል። የቤቱን ድርቆሽ ጭኖ ሄዶ ከአዲሱ ጋር እየቀላቀሉ ከሰባት እስከ ዐሥር ቀን ማለማመድ ነው።

«ዝናቡ ፈጽሞ እስኪያባራ እዚያው ይቆይ።»

ትንኞቹ የሚበረቱት ዝናቡ ሲቀንስና ሙቀቱ ሲመለስ ነው። የሱሉልታ ሜዳ በመስከረም ገና ባይደርቅም፣ ያልተከተበ ፈረስ በዚያ ወር በሞቃቱ አገር ከሚያድር ጭቃው ውስጥ ቆሞ ልምምዱ ቢዘገይ ይሻለዋል።