ታሪካዊ የምንዛሪ ተመን ምንድን ነው? የ2.07 ነገር

የብርና የዶላር ወሬ በተነሳ ቁጥር «በደርግ ዘመን እኮ አንድ ዶላር 2 ብር ከ7 ሳንቲም ነበር» የሚል ሰው አይጠፋም። ቁጥሩ ትክክል ነው። የሚያስቸግረው ተከትሎት የሚመጣው «ስለዚህ» ነው፤ ስለዚህ ብራችን ጠንካራ ነበር፣ ስለዚህ የያኔው መንግሥት ገንዘቡን መጠበቅ ያውቅበት ነበር ይባላል። በቅርቡ ያነበብኩት አንድ አስተያየት ሰጪ ደግሞ የያኔውን ጀማሪ የዲግሪ ምሩቅ የ500 ብር ደመወዝ ለ2.07 አካፍሎ፣ ያገኘውን 241 ዶላር በዛሬው ተመን አባዝቶ፣ ምሩቁን የዘመኑ ባለጸጋ አድርጎ አቅርቦታል።

ታሪካዊ የምንዛሪ ተመን ማለት አንድ ተቋም በአንድ ቀን አንዱን ገንዘብ በሌላው የለወጠበት ወይም እለውጥበታለሁ ብሎ ያወጀው ዋጋ መዝገብ ነው። ከዚህ በላይ የሚናገረው ነገር ካለ በሌላ ማስረጃ መደገፍ አለበት።

ለመሆኑ 2.07ን ያወጣው ደርግ አይደለም። በንጉሡ ዘመን የኢትዮጵያ ገንዘብ ልኩ በወርቅ የተወሰነ ሲሆን፣ አንድ የአሜሪካ ዶላርም በ2.50 ብር ይመነዘር ነበር። አሜሪካ አንድ አውንስ ወርቅ የሚተመንበትን ዋጋ በታኅሣሥ 1964 ዓ.ም. ከ35 ወደ 38 ዶላር፣ በየካቲት 1965 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 42.22 ዶላር ስታሳድግ፣ ኢትዮጵያ የራሷን የወርቅ ልክ ሳትነካ ተወችው። በዚህም ምክንያት ተመኑ መጀመሪያ ወደ 2.30፣ ቀጥሎም ወደ 2.07 ወረደ። ማረጋገጥ የሚሻ ሰው 2.50ን በ35 አባዝቶ ለ42.22 ያካፍል። ዋጋውን የጣለው ዶላር ነው እንጂ እኛ ያደረግነው ነገር አልነበረም። ደርግ ሥልጣን ሲይዝ ቁጥሩን እዚያው አገኘው፣ እስኪወድቅም ድረስ አልነካውም፤ ተመኑ ወደ 5 ብር የተሸጋገረው በሽግግሩ መንግሥት ጊዜ፣ መስከረም 21 ቀን 1985 ዓ.ም. ነው።

ይህ ቁጥር በተግባር ምን እንደነበር ለመረዳት የቀበሌውን የኅብረት ሱቅ ማስታወስ ይበቃል። በሱቁ ሰሌዳ ላይ የተጻፈው የስኳር ዋጋ ርካሽ ነበር። ነገር ግን በዚያ ዋጋ የሚገዛው ካርድ ያለው ብቻ ነበር፤ ባለካርዱም የሚያገኘው ኮታውን ብቻ ነው፣ እሱንም ስኳሩ የመጣ ዕለት። ዛሬ አንድ ሰው የዚያን ሰሌዳ ፎቶግራፍ ይዞ «ስኳር እኮ ርካሽ ነበር» ቢል፣ ወረፋ የቆመ ሁሉ ይስቅበታል። በዶላር በኩል ብሔራዊ ባንክ ይኸው ሱቅ ነበር፤ ካርዱ የውጭ ምንዛሪ ፈቃዱ ነበር፣ ከሱቁ ውጭ ያለው ዋጋ ደግሞ ጥቁር ገበያው ነበር፤ በደርግ መጨረሻም ዶላር በጥቁር ገበያ ከ2.07 እጥፍ በላይ ያወጣ ነበር። ምሳሌውን ትንሽ ልግፋውና፣ ሱቁ ስኳሩን የሚያገኘው አምራቹ በዚያው በሰሌዳው ዋጋ እንዲያስረክበው በማስገደድ ነው እንበል። ቡና ላኪውም ያገኘውን ዶላር በ2.07 ለባንክ የማስረከብ ግዴታ ነበረበት፤ የውጩን ዋጋ እያወቀ ቡናውን በኮንትሮባንድ ለማሻገር የሚፈተን መኖሩ አያስገርምም። መደርደሪያው የሚራቆተው በራሱ በርካሹ ዋጋ ምክንያት ነው። ምሳሌው ከዚህ አያልፍም፤ ስኳር ያጣ ሰው ሻዩን መራራ ይጠጣል፣ ዶላር ያጣ ፋብሪካ ግን መለዋወጫ አጥቶ ይቆማል።

እንግዲህ ባለ500 ብሩ ምሩቅ ባንክ ሄዶ 241 ዶላር የሚቀበልበት መስኮት አልነበረውም። አስተያየት ሰጪው የዘነጋው ሌላም ነገር አለ፤ የአሜሪካ የራሷ የዋጋ ደረጃ ከ1973 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ሰባት እጥፍ ገደማ ሆኗል፣ ስለዚህ የያኔው ዶላር የዛሬው ዶላር አይደለም። የሚያስቀው ይህን ቢያውቅ ኖሮ ለራሱ ክርክር በጠቀመው ነበር።

«ተመኑ 19 ዓመት ሳይነቃነቅ ኖረ» የሚለውም ቢሆን ከዶላር አንጻር ብቻ እውነት ነው። የእንግሊዝ ፓውንድ በ1980 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ 2.40 ዶላር ያህል ያወጣ ነበር፤ በ1985 (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ግን ወደ 1.05 ዶላር ወርዶ ነበር። በብር ሲሰላ አንድ ፓውንድ ከ5 ብር አካባቢ ወደ 2.20 ብር ገደማ ወረደ ማለት ነው። ብር በፓውንድ ላይ ከእጥፍ በላይ «ጠነከረ»፤ ያውም በረሃቡ ወቅት። ይህን የወሰነ የኢትዮጵያ ሹም የለም፤ ብር ከዶላር ጋር ስለታሰረ ዶላር ሲወጣ አብሮ ወጣ።

ሠንጠረዥ የሚጠቅሱ ሰዎችም መጠንቀቅ አለባቸው። እ.ኤ.አ. የ1992 ዓመታዊ አማካይ 2.80 ብር ነው፤ ዘጠኝ ወር በ2.07፣ ሦስት ወር በ5.00 ተደምሮ የወጣ ነው። በ2.80 ግን ማንም ሰው በየትኛውም ቀን ከባንክ ዶላር አልመነዘረም። ከሐምሌ እስከ ሰኔ በሚቆጠረው በ1985 በጀት ዓመት ሲሰላ ደግሞ የይፋው ተመን አማካይ 4.32 አካባቢ ይሆናል፤ የዓመቱ መጨረሻ ተመን 5.00 ነው። ሦስቱም ትክክል ናቸው፣ ሦስቱም ግን የተለያየ ጥያቄ ይመልሳሉ። የመግዣና የመሸጫ ዋጋ ልዩነት ገና ሳይነሳ ነው ይህ ሁሉ።

በመጨረሻ ስለ መቶኛ። በ1985ቱ ለውጥ ብር «142 በመቶ ዋጋውን አጣ» ሲባል ሰምቻለሁ። አንድ ነገር ካለው በላይ ሊያጣ አይችልም። 142 በመቶ ገደማ የጨመረው ዶላር በብር የሚያወጣው ዋጋ ነው፤ ብር ያጣው 58.6 በመቶ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅም ይኸው ግርግር ተደገመ፤ በንግድ ባንክ ከ57.48 ወደ 74.73 የተደረገው ለውጥ ከዶላር በኩል ሲታይ 30 በመቶ፣ ከብር በኩል ሲታይ 23 በመቶ ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ ደግሞ ባንኮች የየራሳቸውን ዋጋ ስለሚያወጡ፣ ያንን ሳምንት የሚጠቅስ ጸሐፊ የየትኛውን ባንክ ተመን እንደወሰደ መጻፍ ግድ ሆኖበታል።