የሎሬንትዝ ትራንስፎርሜሽን ምንድን ነው?

አውቶቡሱ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ይከንፋል። ረዳቱ ሂሳብ እየሰበሰበ ከፊት ወደ ኋላ በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ይራመዳል። ለተሳፋሪው ረዳቱ ወደ ኋላ እየሄደ ነው። መንገድ ዳር ለቆመው ሰው ግን በሰዓት 56 ኪሎ ሜትር ወደ ፊት እየሄደ ነው። ሁለቱም ልክ ናቸው። የአንዱን ልኬት ወደ ሌላው ልኬት የምንቀይርበት ስሌት ትራንስፎርሜሽን ይባላል። መደመርና መቀነስ ብቻ የሚበቃው ይህ ቀላሉ ዓይነት የሚጠራው በጋሊሊዮ ስም ነው።

ይህ ስሌት ግን ዝም ብሎ የተቀበለው ነገር አለ፤ የሁለቱም ሰዎች ሰዓት እኩል ይቆጥራል ብሎ። ማን ይጠረጥረዋል?

ያጋለጠው ብርሃን ነው። ምድር ፀሐይን ስትዞር በሰከንድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ትጓዛለች። ስለዚህ በጋሊሊዮ ስሌት የብርሃን ፍጥነት እንደየአቅጣጫው መለያየት ነበረበት። በ1887 (እ.ኤ.አ.) ማይክልሰንና ሞርሊ የተባሉ ሳይንቲስቶች ልዩነቱን በጥንቃቄ ፈለጉት፤ የጠበቁትን አላገኙም። ብርሃን ለሁሉም ተመልካች በሰከንድ 299,792 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንተ እየሮጥክ ብትለካውም ያው ነው።

ስለዚህ አዲስ ስሌት አስፈለገ። ሆላንዳዊው የፊዚክስ ሊቅ ሎሬንትዝ በ1904 ቀመሮቹን አሳተመ። በ1905 ፈረንሳዊው የሂሳብ ሊቅ ፖንካሬ «የሎሬንትዝ ትራንስፎርሜሽን» የሚለውን ስም ሰጣቸው፤ በዚያው ዓመት አንስታይን ትርጉማቸውን ግልጽ አደረገ። በእነዚህ ቀመሮች ቦታ ብቻ ሳይሆን ሰዓትም ይቀየራል።

አውቶቡስ ላይ ይህ አይታወቅም። ዓመት ሙሉ ሳይቆም ቢነዳ እንኳ፣ የተሳፋሪው ሰዓት ወደ ኋላ የሚቀረው ሰከንድን 20 ሚሊዮን ቦታ ከፍለን አንዷን ቁራሽ ብንወስድ ያቺን ያህል ብቻ ነው።

ሙዮን በምትባል ኢምንት ቅንጣት ላይ ግን ሌላ ነው። ከህዋ የሚመጣ ጨረር ከመሬት 15 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ አየሩን ሲመታ ይህች ቅንጣት ትፈጠራለች። ዕድሜዋ በአማካይ 2.2 ማይክሮ ሰከንድ (የሰከንድ ሚሊዮንኛ) ነው። በብርሃን ፍጥነት ብትበር እንኳ በዚህ ዕድሜ የምትሄደው 660 ሜትር ያህል ነው። ሆኖም ብዙዎቹ መሬት ይደርሳሉ፤ አሁንም በሰውነታችን ውስጥ እያለፉ ነው።

እንዴት? ከብርሃን ፍጥነት 99.9 በመቶውን የምትጓዝ ሙዮን፣ እኛ ስናያት ሰዓቷ ከ22 ጊዜ በላይ ይዘገያል። ስለዚህ ብዙዎቹ መንገዱን ለመጨረስ የሚበቃ ዕድሜ ያገኛሉ።

እኔን የሚደንቀኝ በእሷ በኩል ያለው ነው። በእሷ ሰዓት ዕድሜዋ አልረዘመም፤ ያው 2.2 ማይክሮ ሰከንድ ነው። ለእሷ ያጠረው መንገዱ ነው። ያ 15 ኪሎ ሜትር ለእሷ 670 ሜትር ገደማ ነው።